ሃያ ሁለተኛው ቆብ

«ደወሉ በጭስ ነው የጮኸው ወይስ በሰው እጅ?»

ቲና ይህን የጠየቀችው ሰገነት በተባለው ሆቴል ደረጃ መሃል ቆማ፣ አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ነው። የጠየቀችውም ማናህሎሽን ነው፤ ቅርቧ የነበረችው እሷ ናትና። ማናህሎሽ መወልወያዋን እንደ ምርኩዝ ተደገፈች። ያን ጊዜ መልሱን አታውቀውም ነበር። ቲና እንደነሱው ኢትዮጵያዊት፣ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የአስተዳደር ሠራተኛ ናት። ለድርጅቷ ሰዎች ለአንድ ዓመት የሚሆኑ አሥራ ሁለት ክፍሎች ፍለጋ ከጠዋት ጀምሮ በጁባ ሙቀት ከሆቴል ሆቴል ስትዞር ስለቆየች ጫማዋ አቧራ ለብሷል። በያዘችው ፎርም ላይ ስለ እሳት ማስጠንቀቂያ ደወል የሚጠይቅ ገጽ አለ፤ እሷ እዚያው ቆማ ሳለች ደወል ከጮኸ ደግሞ ለምን እንደጮኸ ሳትጽፍ መሄድ አትችልም።

«በእጅ ነው እንጂ!» አለ ከፍያለው፣ ደረጃውን እያለከለከ ሲወጣ። የሆቴሉ ባለቤትና የማናህሎሽ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ሪሴፕሽን ግድግዳ ላይ ያለውን የደወሉን መቆጣጠሪያ ፓኔል ተጭኖ ድምፁን ጸጥ አሰኝቶ መምጣቱ ነበር። «ጭስም እሳትም የለም፤ ማሽኑ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ሰው ነክቶት ነው።» ይህን ብሎ ዓይኑን ወደ ሁለተኛው ፎቅ ላከ። እዚያ ደረጃው አናት ላይ፣ እሳት ያየ ሰው በእጁ የሚጫነው ቀይ ሣጥን ተሰቅሏል፤ ከሣጥኑ አጠገብ ረድኤት ቆማለች። የማናህሎሽ ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው። ሪሴፕሽን ላይ አድራ ጠዋት የተኛች፣ ደወሉ ቀስቅሷት በመኝታ ልብሷና በባዶ እግሯ የወጣች። ከፍያለው መጀመሪያ እሷን አየ፤ ቀጥሎ ቲናን አየ። ማናህሎሽ ያቺን ቅጽበት አየቻት። ወንዝ የሚሻገር ሰው የሚረግጠውን ድንጋይ የሚመርጥባት ዓይነት ቅጽበት ነበረች። «ይቺው ናት» አለ። «የወንድሜ ልጅ ናት፤ ልጅነት አልወጣላትም፤ ትነካካለች። ሥራ ግን ሥራ ነው፣ ዘመድ አያውቅም። ዛሬውኑ ትሰናበታለች፤ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ አሳፍራታለሁ። ሁለተኛ አይደገምም።»

ቲና ረድኤትን አየቻት፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ረድኤት እናቷን አየች። ማናህሎሽ ወለሉን አየች፤ ከዚያም ያየችውን ወለል ወለወለችው።

ድምፁ ሲቆም ሆቴሉ ወደ ወትሮው ተመለሰ። ግቢ ወጥተው የነበሩት እንግዶች፣ አንዱ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሌላው ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ እየሳቁና እያጉረመረሙ ገቡ። በር ላይ የውሃ ቦቴው ሾፌር ዋጋ ጨምሯል እያለ ከዘበኛው ጋር ይነታረካል፤ ዘበኛው ትናንትም ጨምሯል ብለህ ነበር ይለዋል። ማናህሎሽ ደረጃውን ጨርሳ በሪሴፕሽን በኩል ስታልፍ ቀና አለች። ፓኔሉ ላይ፣ ከአራት ቁጥር አጠገብ፣ ቀዩ መብራት እንደበራ ነው። ጋሼ ከፍያለው ድምፁን ነው እንጂ ዝም ያሰኙት ነገሩን አይደለም፣ አለች በልቧ። የጄኔሬተሩና የመብራቱ ሠራተኛ አልአሚን አንድ ቀን፣ አፉ ውስጥ ብሎን ይዞ፣ ስለ መብራቶቹ ነግሯት ነበር፤ «አረንጓዴው ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ቢጫው አሞኛል ማለት ነው፤ ቀዩ ደግሞ አየሁ ማለት ነው። ምን እንዳየ ሄዶ መጠየቅ የሰው ፋንታ ነው፣ ማማ።» አራት ቁጥር የሁለተኛው ፎቅ ጓሮ ነው። እዚያ ያሉት ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው የእሷና የረድኤት፣ ሁለተኛው የአንሶላ ክፍል።

ደወሉን ዝም ያሰኘው የቆብ ነገር እንዲህ ነው። ጁባ ውስጥ ሲመሻሽ ፍሊት ያልተነፋበት ክፍል የሚከራይ የለም፤ ወባው አይምርም። ስለዚህ ማናህሎሽ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣሳዋን ይዛ ከክፍል ክፍል እየዞረች ትነፋለች፤ በሩንም ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። ጣራው ላይ ያለችው ነጯ የጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ፍሊቱን ከጭስ አትለየውም፤ ትጮኻለች። እንግዳ በሙቅ ውሃ ታጥቦ የሻወሩን በር ሲከፍት፣ እንፋሎቱንም ጭስ ብላ ትጮኻለች። በበጋ አቧራ ሲገባባትም እንዲሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ እንግዳ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ግቢ ከወጣ በኋላ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ሆቴል ሄደ። ከፍያለው በዚያው ቀን፣ አንድም እንግዳ አድርጎት የማያውቀውን የሻወር ላስቲክ ቆብ ካርቶኑን እንዳለ አንሥቶ ለማናህሎሽ ሰጣት። «የሁሉንም አፍ ዝጊልኝ» አላት። እሷም መሰላል ተሸክማ ከክፍል ክፍል ዞረች፤ እያንዳንዷን ጠቋሚ እንደ ራስ ቆብ አለበሰቻት። ማናህሎሽ ምድጃ መጥፋቱን ሁለት ጊዜ ሳታይ የማትተኛ፣ ጫማዋን ወደ በሩ አዙራ የምታድር፣ ልጇ ስታስል ከአልጋ የምትወርድ ሴት ናት። ከረድኤት አልጋ በላይ ያለችውን ስትሸፍን የሕፃን አፍ በእጇ ያፈነች መሰላት። ሸፈነቻት ግን፤ ጋሼ ብለዋልና።

ጠቋሚዎቹ ሃያ ሁለት ናቸው። ቆቡ ሃያ አንድ ነበር። የቀረችው አንዲት፣ አንሶላ ክፍል ውስጥ ከመደርደሪያው ኋላ ያለችው፣ ፍሊት የማይነፋባት ሰውም የማይታጠብባት ናት፤ ይቺ በምን ትጮኻለች ብላ ተወቻት። ለጋሼም አልነገረችም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከፍያለው ቀስ ብሎ ጠርቷት፣ ለቲና ከሚያሳያቸው ከሦስቱ ክፍሎች ላይ ቆቦቹን አውልቃ እንድትደብቅ፣ እንግዳዋ ስትሄድ መልሳ እንድታለብስ አዘዛት። አወለቀች። ሦስቱ አሁን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ስትራመድ ይንኮሻኮሻሉ።

ክፍላቸው ስትገባ ረድኤት ሻንጣዋን አልጋው ላይ ዘርግታ ልብስ ትከታለች። እያጠፈች ሳይሆን እየወረወረች። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ማናህሎሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቆማ የምትናገረው ቢኖራት ኖሮ አትቀመጥም ነበር።

«እማ፣ አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ።»

ረድኤት የያዘችውን ሸሚዝ ለቀቀችው። «ታውቂያለሽ? ታውቂ ከነበር እዚያ ቆመሽ ምን ትወለውይ ነበር?»

ለአንድ ቀን ሁለት ጥያቄ በዛባት። የመጀመሪያው መልሱ ስላልታወቃት ነበር፤ ይሄኛው ግን ስላወቀችው ነው ያስጨነቃት። ስለ ፍራቻ ልትነግራት አሰበች፤ ባል የሞተባት ሴት በባል ወንድም ጣራ ሥር ድምፅዋን እንዴት እየለካች እንደምትኖር። ልጅቷ ግን ይህንን እየሰማች ሳይሆን እያየች ነው ያደገችው። በመጨረሻ ረድኤት አልጋው ላይ ተጋደመችና ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሳ ተገለበጠች። «ይሄ ግድግዳ ራሱ እንደ ሰዉ ነው፤ አያስተኛም። ሰኞም እንዲህ ነበር። ይሞቃል።»

«ምኑ ይሞቃል?»

«ግድግዳው ነዋ። ቀን ቀን። ጸሐይ የሚመታውኮ ያኛው ነው፤ የሚሞቀው ይሄኛው።»

ማናህሎሽ ተነሥታ እጇን ግድግዳው ላይ አደረገች። እንደ ትኩሳታም ግንባር ለብ ብሏል። ከግድግዳው ወዲያ የአንሶላ ክፍል ነው።

ወዲያው ወደዚያ አልሮጠችም። አስቀድማ ከትራሷ ሥር ደብተሯን አወጣች። ደብተሩ የሒሩት ትምህርት ነው። ሒሩት በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ፣ አትላባራ ሰፈር ባለው ቤቷ በረንዳ ላይ፣ በልጅነታቸው ያልተማሩ ሴቶችን ሰብስባ ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች። ለቤት ሥራ በቀን ሦስት መስመር ጻፉ ትላቸዋለች፤ ስለ ራሳችሁ፣ ስለ ውሏችሁ። ማናህሎሽ ስለ ራሷ መጻፍ ስለሚያሳፍራት ስለ ደወሉ ጻፈች። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፓኔሉ ላይ የበራውን ቁጥርና ምክንያቱን ትመዘግባለች። ከቆቡ በፊት ያሉት ገጾች ሙሉ ናቸው፤ «ፍሊት»፣ «ሻወር»፣ «ፍሊት»፣ «ሲጋራ፣ ክፍል ሰባት፣ ካደ»፣ «ሻወር»፣ «አቧራ»። ከቆቡ ወዲህ ግን ያለው ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም የዚህ ሳምንት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። «ሰኞ። ቀትር። ቁጥር አራት። አላውቅም።» «ማክሰኞ። ቀትር። ቁጥር አራት። አላውቅም።» ይህንን ቃል መጀመሪያ የጻፈችው ከቆቡ በፊት ነበር፤ ያን ጊዜ አፍራ ልትሰርዘው ስትል ሒሩት እጇን ይዛ፣ «ተይው። አላውቅም ብሎ መጻፍም መጻፍ ነው። ቆይቶ ትመለሽበታለሽ» ብላት ነበር። አሁን ተመለሰችበት። ሰኞ ከሚለው ሥር የውሎዋ መስመር አለ፤ «አንሶላ ብዙ። ማድረቂያው ሠራ።» ማክሰኞ ከሚለውም ሥር፤ «ዝናብ። ማድረቂያው ሠራ።» ዛሬ ሐሙስ ነው። ዛሬ ደግሞ ለቲና የሚታዩት ክፍሎች አዲስ አንሶላ እንዲነጠፍላቸው፣ ጠዋት ማድረቂያውን ሁለት ጊዜ ያስነሣችው ራሷ ናት።

ጋሼ «አንድ የሚነካካ አለ» እያሉ ሰኞም ማክሰኞም ሲቆጡ ሰምታለች። ሁሉም ጠቋሚ ቆብ አጥልቋል ብለው ስለሚያምኑ ከእጅ በቀር የሚጠረጥሩት አልነበራቸውም። ሃያ ሁለተኛዋ ባዶ ራሷን እንዳለች የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ወለል ይወለውል ነበር።

የአንሶላ ክፍሉን በር ስትከፍት ዓይኗ ምንም ጭስ አላየም። ሽታው ግን ነበረ፤ ላስቲክ ድስት ላይ ተረስቶ የቀረ ዓይነት። ማድረቂያ ማሽኑ እንዳጉረመረመ ነው። ከጀርባው፣ እስከ ጣራ ከተቆለለው ነጭ አንሶላ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ ሶኬቱ ዙሪያ ግድግዳው እንደ በሰበሰ ሙዝ ጠቁሯል። ማናህሎሽ አልነካችውም። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ጓሮ ጄኔሬተር ሥር ወደ ተጋደመው ሰው ጮኸች፤ «አልአሚን! አልአሚን፣ ቶሎ በል!»

አልአሚን አሶሳ ያደገ የጁባ ሰው ነው፤ በአማርኛ ይቀልዳል፣ በጁባ ዓረብኛ ይምላል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ደረጃውን ሲወጣ «ምነው ማማ፣ አይጥ ነው?» አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን አፍንጫው ቀደመው፤ ሳቁን እዚያው ተወውና ተመልሶ ሮጠ። የሁለተኛውን ፎቅ ብሬከር ሲያወርደው ማድረቂያው ተንገጫግጮ ቆመ። በመፍቻ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለው። ግማሹ ቀልጦ ወርዷል፤ ገመዱም ልብሱን እንደ ተገፈፈ ሰው ራቁቱን ነው።

«ዋላሂ፣ ይሄ ለዛሬ ማታ አይደርስም ነበር» አለ። «አንሶላው አንዴ ቢይዝ ኖሮ ግድግዳው ወዲያ ማን ነው የሚተኛው?»

«ረድኤት።»

አልአሚን ወደ ጣራው አየ፤ ከመደርደሪያው ኋላ፣ ቀይ ዓይኗን አፍጥጣ የምታየውን ጠቋሚ። «እቺን እንዴት ሳያለብሷት ቀሩ?»

«ቆብ አለቀብኝ።»

«አልሐምዱሊላህ ላለቀው!» ብሎ ሳቀ። ማናህሎሽ አልሳቀችም። እጅጌውን ይዛ ወደ ደረጃው አናት፣ ወደ ቀዩ ሣጥን ወሰደችው።

«አንድ ነገር ንገረኝ። ይሄን ሰው በእጁ ቢጫነው በምን ይታወቃል?»

«በምን ይታወቃል ይላሉ እንዴ! ይቺ ነጯ መስኮት ወደ ውስጥ ትሰምጣለች፣ ቢጫ መስመር ከላይዋ ይወጣል። አንዴ ከሰመጠች በዚህ ቁልፍ ካልሆነ አትመለስም።» ወገቡ ላይ ካለው የቁልፍ ዘለላ ትንሿን ላስቲክ ቁልፍ ለይቶ አሳያት። «ቁልፉ አንድ ነው፤ ከእኔ ወገብ ወርዶ አያውቅም። ይኸው፣ መስኮቷ ደህና ናት። ማንም አልነካትም። ይሄንን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ማየት ነው።»

ቀና ብሎ ማየት ነው። ማናህሎሽ ይህንን በልቧ ደጋግማ አለችው። ሦስት ሰዎች ከሣጥኑ ሥር ቆመው አንድም ቀና ብሎ ያየ አልነበረም፤ ሁሉም ያየው ልጅቷን ነው። የቀለጠውን ሶኬት ከአልአሚን እጅ ተቀበለች፤ ደብተሯን ብብቷ ሥር አደረገች። ደረጃውንም ወረደች።

ከፍያለውና ቲና በረንዳው ላይ ምሳ በልተው ጨርሰዋል። የዓሣው አጥንት ሳሕኑ ላይ ተጋድሟል፤ አጠገቡ የኪራዩ ወረቀት፣ ከወረቀቱ በላይ የከፍያለው እስክሪብቶ። ስለ ጁባ ሙቀትና ስለ ዶላር ምንዛሪ እያወሩ ነበር። ከፍያለው ሲያያት ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን አብሮት አልቀረም።

«ማናህሎሽ፣ በኋላ።»

«አሁን ነው ጋሼ።»

እሱ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ባለው ስምንት ዓመት ውስጥ እንቢ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱም አወቁት። ሶኬቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ቲና ዞረች። «እመቤት፣ ቅድም ጠይቀሽኝ ነበር፤ በጭስ ነው ወይስ በሰው እጅ ብለሽ። ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ። በጭስ ነው። ይሄ ነው የጨሰው፤ የአንሶላ ማድረቂያው ሶኬት። ሰኞም እሱ ነው፣ ማክሰኞም እሱ ነው። ቀዩን ሣጥን ማንም አልነካውም፤ ወጥተሽ እዪው፣ መስኮቱ አልሰመጠም። ልጄ ተኝታ ነበር።»

«እባክሽ አትስሚያት፣ ደንግጣ ነው...» አለ ከፍያለው።

«አዎ ደንግጫለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ደንግጫለሁ፤ ዛሬ ግን የደነገጥኩበት ነገር ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው።» እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ሦስቱን ቆቦች አወጣችና ከሶኬቱ ጎን ደረደረቻቸው። «ይሄ ደግሞ ያየሻቸው የሦስቱ ክፍሎች ነው። ጠዋት አንቺ ሳትመጪ አወለቅኋቸው። ሌሎቹ እንደለበሱ ናቸው። ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ በእጄ። እጅ ካልሽ የእኔን እጅ ጻፊ፣ የልጄን አይደለም።»

ቲና ቆቡን አንሥታ ዘረጋችው፤ ምን እንደሆነ ሲገባት ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። «ሌሎቹን ክፍሎች ማየት እችላለሁ?» አለች። ከፍያለው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። ቲና ተነሣች። ማናህሎሽ መራቻት፤ ሁለተኛው ፎቅ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ኮሪደሩ። ቲና በየክፍሉ በር ላይ ቆማ ቀና ትላለች፤ ጣራው ላይ ላስቲክ ያጠለቀውን ታያለች። ቀዩ ሣጥን ዘንድ ስትደርስ መስኮቷን በጣቷ ነካ አደረገች፤ ከዚያ ፎርሙን አውጥታ የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ስትወርድ ረድኤት ክፍል በር ላይ ቆም አለች። «ይቅርታ» አለቻት። «ሳላይ ነው የጻፍኩት።»

«ያላየሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለች ረድኤት።

ቲና መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት ለከፍያለው የተናገረችው አጭር ነበር፤ ሰዎቼን እዚህ ማስተኛት አልችልም፣ ሁሉም ተስተካክሎ ከጠሩኝ ተመልሼ አያለሁ፣ ቃል ግን አልገባም። በሩ ተዘጋ። አቧራው ቀስ እያለ ወረደ።

ከፍያለው ድምፁን ከፍ አላደረገም። ድምፁን ከፍ የሚያደርገው በትንሽ ነገር ነው። «ባጎረስኩሽ እጄን ነከስሽኝ» አለ። «ወንድሜ ሲሞት ማን ነው ያመጣሽ? ማን ነው ክፍል የሰጠሽ? ገመናዬን በሰው ፊት፣ በእንግዳ ፊት።»

«እርስዎ ነዎት ያመጡኝ። ውለታዎን አልካድኩም። ግን ጋሼ፣ የሰጡን ክፍል ግድግዳው ሲነድ ነበር።»

«ሶኬት ነው! ሶኬት ይቀየራል። አስር ዶላር የማይሞላ ሶኬት!»

«ልጄስ በስንት ትቀየራለች?»

ማናህሎሽ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች። «ወንድምዎ ቢኖር ኖሮ» ልትል ነበር፤ ተወችው። የሞተ ሰው ምስክር መጥራት አያስፈልጋትም፤ ደብተሯ አለ።

«እንግዲህ ምረጪ» አለ ከፍያለው በመጨረሻ። «ቆቦቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። አለዚያ ከልጅሽ ጋር ቅዳሜ አብረሽ ትሳፈሪያለሽ።»

«እኔ የትም አልሳፈርም። ቆቦቹም አይቆዩም» አለች። «ቢያባርሩኝ እንኳ አውልቄ ነው የምወጣው። ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ ሳላወልቅ ብሄድ እንቅልፍ የለኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ። ሲቃጠል ቅጠሉም እኛው ነን። ከአንሶላው ክፍል በላይ ማን እንደሚተኛ ረሱት እንዴ?»

ከፍያለው ሳያስበው ወደ ላይ አየ። ከአንሶላው ክፍል በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው የራሱ መኝታ ክፍል ነው። የዚያችንም ጠቋሚ ቆብ ያለበሰችው ማናህሎሽ ናት፤ ፍሊት ለእርሱም ይነፋለታልና። ወደ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ማናህሎሽ መሰላሉን አወጣች። ከምድር ቤቱ ኮሪደር ጀመረች። እንግዶቹ እየመጡ ያዩዋታል፤ አንድ የካምፓላ ነጋዴ ምን እየሠራች እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቃት፤ እሷ ቆቡን ከፍ አድርጋ አሳየችውና፣ ከዚያ ጣቷን ወደ ጠቋሚዋ፣ ቀጥሎ ወደ እሱ አልጋ ጠቆመች። ሰውየው ገባው፤ መሰላሉን ያዘላት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አልአሚን ያዘላት፤ «ማማ፣ ዛሬ እርስዎ ሲወጡ ጄኔሬተሩ እንኳ ፈርቶ ቀጥ አለ» እያለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የፍሊቱን ጣሳ ከመደርደሪያው ላይ አየችው፤ አላነሣችውም። ሆስፒታል ያስመስላል ተብሎ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን አጎበር ከግምጃ ቤቱ አውጥታ በየአልጋው ላይ ሰቀለች። ላቧ ጀርባዋን አጠበው። አሥራ ሰባት ቆብ አወለቀች። አሥራ ስምንተኛው የቀረው የከፍያለው ክፍል ውስጥ ነው። ቢሮውን አንኳኳች፤ በሩ አልተከፈተም። በበሩ ላይ ሆና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ የሁሉንም አውልቄያለሁ። የእርስዎን አልነካሁም፤ ያ የእርስዎ ነው» አለችና መሰላሉን ከመኝታ ክፍሉ በር አጠገብ አቁማ ሄደች።

አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ደወሉ ጮኸ። ቁጥር ሦስት። እንግዶቹ ወጡ፤ አልአሚንና ማናህሎሽ ሮጡ። ክፍል አሥራ አራት ነው፤ አንድ የቻድ አብራሪ ፎጣ አገልድሞ በእንፋሎት መሃል ቆሞ እጁን ወደ ላይ አንሥቷል፣ እንደ ተማረከ ሰው። አልአሚን በዓረብኛ አንድ ነገር ብሎት ሁለቱም ሳቁ። ማናህሎሽ መስኮቱን ከፈተች፤ የሻወሩን በር ዘጋች፤ ጠቋሚዋ ስትረጋጋ አልአሚን ወርዶ ፓኔሉን ወደ አረንጓዴ መለሰው። ደብተሯን አውጥታ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጻፈች። «ሐሙስ። አሥራ ሁለት ሰዓት። ቁጥር ሦስት። ሻወር።» ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ፣ ከሰኞና ከማክሰኞ ፊት «አላውቅም» የሚለውን ሰርዛ፣ ከጎኑ «ሶኬት» ብላ ጻፈች። የዛሬውን ቀትር ደግሞ ለብቻው ጻፈችው፤ «ጭስ። እውነተኛ። ልጄ አልነካችም።»

ክፍሏ ስትገባ ረድኤት ሻንጣዋን ዘግታ፣ ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አስራ ተቀምጣለች። ማናህሎሽ ከሥር እስከ ላይ አየቻት። «አሁን እኮ ማንም አያባርርሽም። ሁሉም ሰምቷል።»

«እሱ አይደለም እማ። የአጎቴን ፊት እያየሁ ማደር አልችልም። እሱ ስሜን ክዳን ነው ያደረገው፤ ቀዳዳው ሲበዛበት በእኔ ደፈነው። ሒሩት ዘንድ ደውያለሁ። አትላባራ ያለችው የኅትመት ቤት ባለቤት ኮምፒውተር የሚችል ሰው ትፈልጋለች አለችኝ። ሒሩት በረንዳ ላይም አልጋ አለ።» ቀጥላ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «አንቺም ነይ» አለች።

ማናህሎሽ መልሱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም። «እኔ እዚሁ ነኝ። እኔ ከሄድኩ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዱ ይመጣና መልሶ ያለብሳቸዋል።» የልጇን አንገትጌ አስተካከለች፤ መስተካከል አያስፈልገውም ነበር። «ደርሰሽ ደውይልኝ። ስትተኚ ምድጃውን እዪ። ሁለት ጊዜ እዪ።»

«ሦስት ጊዜ አያለሁ» አለች ረድኤት፤ ከቀትር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አልአሚን የኪራይ ሞተር ብስክሌቱ፣ ቦዳቦዳው፣ ቆሞ እስከሚጠብቅበት በር ድረስ ሻንጣውን ተሸከመላት። ማናህሎሽ ሞተሩ እስኪታጠፍ ድረስ ቆማ አየች። ስትመለስ በሪሴፕሽን በኩል አለፈች። ፓኔሉ ላይ አረንጓዴው ብቻ በርቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከእንግዳ መዝገቡ አጠገብ፣ የተጨማደደ የሻወር ቆብ ተቀምጧል፤ ያስቀመጠው ሰው ግን በአካባቢው አይታይም። መሰላሉ ከሦስተኛው ፎቅ ወርዶ በቦታው ቆሟል።

ቲና በዚያ ሳምንት አልተመለሰችም። የሦስት ክፍል እንግዶች በማግስቱ ሄዱ፤ የካምፓላው ነጋዴና የቻዱ አብራሪ ቀሩ። ረድኤት ሄደች። ማናህሎሽ ቀረች።